ለጋራ ሕንፃችን ምን እንግዛ? ኃይል ቆጣቢ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ሲወዳደሩ

በመኖሪያ ሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ ሆናችሁ "ባለን ትንሽ ገንዘብ ምን ብናደርግ የኃይል ወጪያችን ይቀንሳል?" ለምትሉ ጥቆማዬን ላስቀምጥ። በሐሳቤ ያሉት ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ሰዎች የሚኖሩባቸው ሕንፃዎች ናቸው። እዚያ በከንቱ የሚወጣ ገንዘብ ከሰው የቤት ኪራይ ላይ የተነሳ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ መጀመሪያ የሚባክነው ይዘጋ፣ ማሽን ከዚያ በኋላ ይገዛ።

ከምርመራው ልጀምር። ዕቃ ሻጮች "በነጻ መጥተን እናይላችኋለን" ይላሉ። ይምጡ፣ ችግር የለውም። ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው የእነሱን ዕቃ ግዙ ነው። አቅም ካለ ምንም የማይሸጥ ገለልተኛ ባለሙያ ከፍሎ ማስመርመር ይሻላል። ጎበዙን የምትለዩት በአሠራሩ ነው። የ12 ወር ቢል ይጠይቃል። የሙቀት ካሜራ ይዞ ይመጣል። በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ በ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ቤቱ ምን ያህል አየር እንደሚያሾልክ ይለካል። አቅም ከሌለ የጋራ ቆጣሪውን ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ አንብቡት፤ ሊነጋ ሲል ድገሙት። ቁጥሩ ብዙ ከሄደ ማንም ሳይጠቀምበት የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው።

አምፖል ላይ ብዙ አልቆይም። ኤልኢዲ ከድሮው ባለ ክር አምፖል ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኃይል ይበላል። ስትገዙ ከዋቱ ይልቅ ሉመኑን፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን እዩ። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ብርሃን 800 ሉመን አካባቢ ነው፤ ጥሩ ኤልኢዲ ይህን ከ8 እስከ 10 ዋት ይሰጣችኋል። ለደረጃና ለኮሪደር ሁለት ዓይነት ሴንሰር አለ፤ አንዱ ሰው ሲሄድ መብራቱን ጨርሶ ያጠፋል፣ ሌላው ያደበዝዘዋል። እኔ የሚያደበዝዘውን እመርጣለሁ። አዛውንትና ልጅ በጨለማ ደረጃ መውጣት የለባቸውም።

ትልቁ ጉዳይ ሙቅ ውሃ ነው። 100 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። የትኛውም ብራንድ ይህን አይቀንሰውም። ተራው የኤሌክትሪክ ቦይለር የሚወስደውን ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ "ቆጣቢ" ተብሎ ቢጻፍም ልዩነቱ በዋናነት ታንኩ ሙቀቱን ይዞ መቆየት ላይ ነው።

ቁጠባ ከፈለጋችሁ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ያነሰ ሙቅ ውሃ ማፍሰስ። ሻወሩን ሙሉ ለሙሉ ከፍታችሁ ለአንድ ደቂቃ በባልዲ ያዙና በሊትር ስፈሩት። 15 ሊትር አካባቢ ከሞላ በደቂቃ 8 ሊትር በሚያፈሰው የሻወር ራስ ቀይሩት። በአንድ ጊዜ የሚፈሰው ውሃ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን ለሕንፃው ሁሉ በጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቤት ውስጥ አስሞክሩት። ርካሾቹ ውሃውን እንደ ጭጋግ ይበትኑታል፤ ሰው ይሰለቸውና ነቅሎ የድሮውን ይመልሳል። ራቁታቸውን ያሉትን የሙቅ ውሃ ቱቦዎችም በፎም አልብሷቸው። በጣም ትንሽ ወጪ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሙቀቱን ከአየር ወይም ከፀሐይ መውሰድ ነው። ሂት ፓምፕ (የአየርን ሙቀት ስቦ ወደ ውሃው የሚያስገባ ማሽን) ያለው ማሞቂያ ለተመሳሳይ ውሃ ከተራው ቦይለር ከግማሽ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆን ኤሌክትሪክ ብቻ ይበላል። የፀሐይ ማሞቂያ ደግሞ ፀሐይ ባለበት ጊዜ ከዚህም ይቀንሳል። ታዲያ የቱ? ፎቁን ቁጠሩ። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ከሆነ ጣሪያው ለሁሉም ቤት ስለሚበቃ የፀሐዩን እመርጣለሁ። ሕንፃው ከፍ ባለ ቁጥር ለአንድ ቤት የሚደርሰው ጣሪያ እያነሰ ይሄዳል፤ ያኔ ሂት ፓምፑ ይሻላል። ቦታ ይፈልጋል፣ ድምፅም አለው፤ መኝታ ቤት ግድግዳ አጠገብ እንዳይገጠም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለመቆጠብ ብላችሁ የማዕከላዊ ታንኩን ሙቀት ከ60 ዲግሪ በታች አታውርዱ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ ሳንባ ያጠቃል። ሰው እንዳያቃጥል ቧንቧው ጋ ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቫልቭ ይገጠም።

የውሃ ፓምፕ ሻጮች ስለ ባለ ኢንቨርተሩ፣ ማለትም ፍጥነቱ ስለሚስተካከለው ፓምፕ ሲናገሩ "ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል" ይላሉ። ውሃን በቱቦ ውስጥ ለሚያዘዋውር ፓምፕ እውነት ነው። ሥራው ውሃ ወደ ላይኛው ታንከር መግፋት ከሆነ ግን ቁጠባው ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ከፍታው ስለማይቀነስ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ ክፍያ አትፈጽሙ።

አሁን ወደ ግድግዳና ጣሪያ። በብርድ ወቅት ሞቃት አየር በደረጃው በኩል ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች ቀዝቃዛው ይገባል። ስለዚህ ክፍተት መድፈን ከምድር ቤቱና ከመጨረሻው ፎቅ ይጀመር። የበር ጎማ፣ ሲሊኮን፣ ቱቦ ያለፈባቸው ቀዳዳዎች። ሙቀት ለሚያስቸግረው ሕንፃ ደግሞ ጣሪያውን ነጭ አንጸባራቂ ቀለም መቀባትና ከመስኮቱ ውጭ ጥላ መሥራት ከውስጥ መጋረጃ በእጅጉ ይበልጣል፤ ፀሐዩን መስታወቱን ሳያልፍ ያስቀረዋልና። መስኮት በሙሉ መቀየር ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው። እኔ ወደ መጨረሻ አዘገየዋለሁ። ስትደፍኑ የኩሽናና የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ መሥራቱን አረጋግጡ፤ አለዚያ ሻጋታ ይመጣል።

የግድግዳ መከላከያ ላይ ግን ርካሹን አትምረጡ። ነጩ ፎምና ከድንጋይ የሚሠራው ሮክዎል በእኩል ውፍረት ሙቀት የመከላከል አቅማቸው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ እሳት ላይ ነው፤ ፎም ይነዳል፣ ሮክዎል አይነድም። ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር የተባለው የማኅበራዊ መኖሪያ ሕንፃ በ2016 እድሳቱ ተጠናቀቀ። ውጭው የለበሰው ሰሌዳ በመካከሉ ፖሊኤቲሊን የሚባል የሚነድ ፕላስቲክ ነበረው። በሰኔ 2017 ከአንድ ቤት የተነሳ እሳት በዚያ ልባስ ወደ ላይ ተዛመተና 72 ሰዎች ሞቱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ኮንትራክተሩ "ያው ነው፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል" ካላችሁ ይህን አንሱለት።

ሥራ ተቋራጭ ስታወዳድሩ ነዋሪውን ሳያስወጣ መሥራት የሚችለውን አስቀድሙ። ይቻላል። ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ ከተማ ግራን ፓርክ በሚባለው ሰፈር 530 ቤቶች ሲታደሱ ሰዎቹ እዚያው እየኖሩ ነበር። ከፊት ለፊታቸው በመስታወት የታጠረ ሰፊ በረንዳ ተጨመረላቸው፤ ብርዱን ያግዳል፣ ቤቱንም ያሰፋል። ሥራው በ2019 የአውሮፓ ኅብረትን የሚስ ቫን ደር ሮኸ የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ከእድሳቱ በኋላ ኪራይ በምን ያህል እንደሚጨምር ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ተቀበሉ። ቢሉ ቀንሶ ኪራዩ ከዚያ በላይ ከጨመረ ለነዋሪው ምን ተሠራለት?

ሶኬት ላይ ተሰክታ "ቢል በግማሽ ትቀንሳለች" የምትባለውን ትንሽ ሳጥን አትግዙ። ውስጧ ያለው ብዙ ጊዜ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአፍታ ይዞ የሚመልስ ትንሽ ዕቃ ነው። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው በትክክል የተጠቀማችሁበትን ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ አይነካውም።

ውሉ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ይግባ። የሚገጠመው ዕቃ ሞዴል በስም ይጻፍ። ዋራንቲው የመግጠሙንም ሥራ ይጨምር። ከክፍያው የተወሰነው ክፍል ቢያንስ አንድ ወቅት አልፎ ቆጣሪው ከአምናው ተመሳሳይ ወራት ጋር እስኪነጻጸር ይያዝ። በሥራው የሚተማመን ኮንትራክተር በዚህ ይስማማል።