ራንደም ዲሌይ ላይ ምን ብዬ ኮመንት ልጻፍ?

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች፣ ትንሽ የዳታቤዝ ቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ) እየጻፍኩ ነው፣ ትራንዛክሽኖቹ መሀል የሚገባውን ዲሌይ (የመጠበቂያ ጊዜ) ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ የራሱ መለኪያ ፕሮግራም ከፒጂቤንች ነው የኮረጅኩት፣ ከ0 እስከ 9999 ራንደም ቁጥር አወጣለሁ፣ ለ10000 አካፍዬ ሎጉን (ናቹራል ሎጋሪዝሙን) እወስድና ማይነስ አድርጌ በአማካዩ ዲሌይ አባዛለሁ። በሰከንድ 200 ትራንዛክሽን ስለምፈልግ አማካዩ 5 ሚሊሰከንድ ነው። ሪቪው ያደረገው ልጅ ግን "ይሄ ሎግ ምን ሊሰራ መጣ፣ ዝም ብለህ 5 ሚሊ አታስተኛውም?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳይገባኝ ነው የገለበጥኩት ሃሃ። ኮዱ ውስጥ በምጽፈው ኮመንት ላይ ምን ልበል?

ታክሲ ተራ፦
ልጁ የጠየቀህ ኮመንት ስለሌለ ነው፣ አትፍረድበት። ሎጉ ዲሌዩን አንዴ አጭር አንዴ ረጅም ያደርገዋል፣ እኩል 5 ሚሊ ካስተኛሃቸው ግን ክላየንቶቹ (እንደ ተጠቃሚ ሆነው ትራንዛክሽን የሚልኩት) ሁሉ አንድ ላይ ነቅተው አንድ ላይ ዳታቤዙ ላይ ይረባረባሉ፣ እውነተኛ ተጠቃሚ ደግሞ እንደዛ አይመጣም። ታክሲ ስትጠብቅ አላየህም እንዴ፣ አስር ደቂቃ ጭር ይልና ሶስቱ ተከታትለው ይመጣሉ። መጀመሪያ እሱን ጻፍ፣ ሎግ ምን እንደሆነማ ኮዱ ላይ ይታያል።

ሎጉ፦
"ዲሌዩ ፖይሰን ነው" ብለህ እንዳትጽፍ ብቻ። ፖይሰን የሚሆነው በሰከንድ ውስጥ የሚገባው ብዛት ነው፣ መሀላቸው ያለው ጊዜ ኤክስፖኔንሻል ነው፣ ሁለቱ የተለያዩ የራንደም ቁጥር ስርጭቶች ናቸው። የድሮው የፒጂቤንች ኮመንት ራሱ እዚህ ጋ ትንሽ ያምታታል፣ ግን አንድ ነገሩን እወድለታለሁ፣ በ10000 ሲካፈል ማባዣው (ማይነስ ሎጉ) ቢበዛ 9.2 እንደሚሆን (ላንተ 46 ሚሊ መሆኑ ነው)፣ አማካዩ ላይ የሚመጣው ስህተትም 0.055 ፐርሰንት እንደሆነ ጽፎ ራስህ የምታረጋግጥበትን ኩዌሪ ጭምር አስቀምጦልሃል። ቁጥር ከጻፍክ ከየት እንዳመጣኸው አብረህ ጻፍ።

ቆይ ግን ከ0 ነው የምትጀምረው? የ0 ሎግ ማይነስ ኢንፊኒቲ ነው እኮ! በሰከንድ 200 ስትልክ በአማካይ በየ50 ሰከንዱ አንዴ 0 ይወጣል፣ 0 የደረሰው ክላየንት ዲሌዩ ማለቂያ የለውምና ተኝቶ ይቀራል። ከ1 እስከ 10000 አድርገው፣ ለምን ከ1 እንደጀመርክም ኮመንት አድርግ፣ አለበለዚያ ነገ አንዱ "ላስተካክል" ብሎ ወደ 0 ይመልሰዋል።

ጀማሪው፦
ኧረ ጉድ! ቅዳሜ ማታ 10 ክላየንት አስነስቼ ተኛሁ፣ ጠዋት ሳየው አንድም የሚንቀሳቀስ የለም፣ እኔ እኮ ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ስራገም ነበር።