የአስታማሚ ጫና በመርሳት በሽታ የወጪ ጥናት ውስጥ እንዴት ይቆጠር?

ጥያቄ፦
የአልዛይመር ሕክምናን ወጪና ጥቅም የሚያነጻጽር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የመርሳት በሽታ በዓለም ላይ ካስከተለው 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ወጪ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብና ወዳጅ ያለ ክፍያ የሚሰጡት እንክብካቤ ዋጋ ነው። ይህን ጊዜ በገንዘብ ለመተመን የትኛውን ስልት ትመክሩኛላችሁ? የአስታማሚው የራሱ ጤናስ በስሌቱ ይገባል?

መልስ 1፦
አንደኛው ስልት አስታማሚው ሥራውን በመተዉ ያጣውን ገቢ ሲቆጥር፣ ሌላው ለዚያው ተግባር ሠራተኛ ቢቀጠር ይከፈል የነበረውን ደመወዝ ይወስዳል። በመጀመሪያው ስሌት ጡረታ የወጣች ሚስት ድካም ዋጋ አልባ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል፣ ሁለተኛውን ዋና አድርገው የመጀመሪያውን ለማነጻጸሪያ ቢያቀርቡ ይሻላል። በሽተኛው ሌሊት ወጥቶ እንዳይጠፋ ነቅቶ መጠበቅ (ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው) በሰዓቱ ውስጥ ይካተት እንደሆነም አስቀድመው ይወስኑ።

መልስ 2፦
በእንግሊዝ የሕክምናዎችን አዋጭነት የሚገመግመው ናይስ፣ ወጪን የሚያየው ከጤናና ከማኅበራዊ አገልግሎቱ አንጻር ቢሆንም፣ የአስታማሚን የጤና ለውጥ ግን አግባብ ሲኖረው በጥቅም በኩል ይቀበላል። 22 ጥያቄዎች ያሉት የዛሪት መጠይቅ ጫናን ከ0 እስከ 88 ይለካል፤ ነጥቡ ግን በቀጥታ ወደ ጤናማ የዕድሜ ዓመት (የዕድሜን ርዝመትና የጤናን ጥራት አጣምሮ የሚለካ የጥቅም መለኪያ) ስለማይቀየር ብቻውን አይበቃም።

መልስ 3፦
በመልስ 2 ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መድኃኒቱ በሽታው በጸናበት ደረጃ ዕድሜን ካራዘመ የአስታማሚው የጤና ጉድለትም አብሮ ስለሚረዝም፣ ወጪና ጥቅሙን የሚያሰላው ሞዴል የበሽተኛውን ሞት ለአስታማሚው እንደ ትርፍ ይቆጥረዋል፤ ሐዘኑ የትም አይመዘገብም። ስለዚህ ውጤቱን አስታማሚውን አካትተውም ሳያካትቱም ለየብቻ ያሳዩ።