80 አስጎብኚ፣ 241 ኩዌሪ፦ ኤፒአዩ ተንቀራፈፈብኝ

የአዘዞው፦ ሰላም ጎበዞች። የጎንደር አስጎብኚዎችን ከእንግዳ የሚያገናኝ አፕ እየሠራሁ ነው። ተጠቃሚው በቴሌግራም ይገባል። ኤፒአዩ (ዳታውን ለአፑ የሚያቀብለው ክፍል) የእያንዳንዱን አስጎብኚ ስም፣ ፎቶ፣ የሚናገረውን ቋንቋና የሚያስጎበኘውን ቦታ (ፋሲል ግንብ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም) በጄሰን (በጽሑፍ በተደረደረ ዳታ) ይመልሳል። በ10 አስጎብኚ ስሞክረው ሽው ይላል። 80 ሲሞላ ግን ገጹ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። የሠራሁት በላራቬል (በፒኤችፒ ማዕቀፍ)፣ ዳታቤዙም ማይኤስኪውኤል ነው። ጥምቀት ሳይደርስ መላ በሉኝ። ሰርቨር ልጨምር እንዴ?

ማራኪ፦ ብርህን አታባክን። መጀመሪያ ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ) ቁጠር። ኩዌሪ የሚቆጥርልህን ላራቬል ዲባግባር ጫንና ገጹን ክፈተው።

የአዘዞው፦ 241! ምን ጉድ ነው?

ማራኪ፦ ሂሳቡ ይኸው። ዝርዝሩን ለማምጣት 1፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ፎቶ፣ ቋንቋ፣ ቦታ እያልክ 3። 80 ጊዜ 3፣ 240። ኤን ፕላስ ዋን የሚሉት ይኼ ነው። ጄሰኑን የምትሠራበት ሉፕ (ለእያንዳንዱ ሰው የሚደገመው ኮድ) ውስጥ ሆነህ ዳታቤዙን ትጠራለህ። ሦስቱንም ሪሌሽን (ከአስጎብኚው ጋር የተያያዘውን ዳታ) ከሉፑ በፊት በላራቬሉ «ዊዝ» የሁሉንም ሰው በአንዴ አምጣቸው። 4 ኩዌሪ ብቻ ይቀርሃል።

ፒያሳ፦ ውጤቱን ሬዲስ ላይ (ሜሞሪ ውስጥ) ለጊዜው አስቀምጦ፣ ማለትም ካሽ አድርጎ መገላገል አይሻልም?

ማራኪ፦ ካሽ ይቆይ ወንድሜ። ጊዜው ባለፈ ቁጥር ያው 241 ተመልሶ ይመጣል። ደግሞ የተያዘ አስጎብኚ «ነፃ ነው» እያለ ቢያሳይ ከእንግዳ ጋር መጣላት ነው።

እታለም፦ የቴሌግራም መለያው ኮለም ምን ዓይነት ነው? ቫርቻር (ጽሑፍ) ሆኖ ኮድህ በቁጥር የሚፈልግ ከሆነ ማይኤስኪውኤል ኢንዴክሱን (ቶሎ መፈለጊያውን ማውጫ) ትቶ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያስሳል። ኩዌሪውን ዳታቤዙ እንዴት እንደሚፈልግ በሚያሳየው በኤክስፕሌይን አሂደው። ታይፕ በሚለው ሥር «ኦል» ካለ እሱ ነው።

የአዘዞው፦ «ኦል» ይላል እታለም! ቫርቻር ነበር። ወደ ኢንት (ቁጥር) ልቀይረው?

እታለም፦ ኧረ ቢግኢንት (ትልቅ ቁጥር የሚይዘው)! ተራው ኢንት ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም፤ ብዙ የቴሌግራም መለያ ይህን አልፏል። ዩኒክ ኢንዴክስ (መለያው እንዳይደገም የሚያደርግ) አድርግበት። ባክአፕ ሳትይዝ ግን እንዳትነካው።

የአዘዞው፦ ኑሩልኝ! 4 ኩዌሪ ሆነ፣ ኤክስፕሌይኑም «ኮንስት» (ቢበዛ አንድ ረድፍ ብቻ) ይላል። በሞባይል ዳታ ግን አሁንም ትንሽ ይጎተታል። ፎቶውን በቤዝ64 ወደ ጽሑፍ ቀይሬ ጄሰኑ ውስጥ ከትቼ ነው የምልከው።

ፒያሳ፦ በል አውጣው! ሊንኩን ብቻ ላክ፤ ለዝርዝሩ ትንሿ ፎቶ ትበቃለች። ሰዎቹንም 20 20 አድርገህ ክፈላቸው።