ፉጂ ኤክስ100ቪአይ አዝዤ እስካሁን አልደረሰኝም፤ ልጠብቅ ወይስ ልሰርዝ?

ከቨርጂኒያ
ሰላም ለሁላችሁ። ፉጂፊልም ኤክስ100ቪአይ የተባለውን ካሜራ (ብርማውን) ሚያዝያ ላይ ከአንድ ትልቅ የኦንላይን መደብር አዘዝኩ። አሁን መስከረም ነው። የትዕዛዙ ገጽ ላይ «በመጠባበቅ ላይ» ከሚለው በቀር ምንም የለም፤ ስደውልም «ተራሽ ሲደርስ ይላካል» ይሉኛል። ለጥምቀት አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው በረራዬ። ሰርዤ ሌላ ቦታ ልዘዝ? ጥቁሩ ቶሎ ይገኛል የሚሉም አሉ፣ ልቀይረው? 2,200 ዶላር እየጠሩ «አሁኑኑ እንልካለን» የሚሉትስ ይታመናሉ?

ጨለማ ክፍል
አትሰርዢ፣ ቀለምም አትቀይሪ። ወረፋው በቀለም ለየብቻ ነው የሚያዘው። ብዙ መደብር ጋ ቀለም መቀየር ማለት የድሮው ትዕዛዝ ተሰርዞ አዲስ መግባት ስለሆነ፣ ከሚያዝያ ተነሥተሽ መስከረም ላይ ትሰለፊያለሽ።

ካሜራው ይፋ የሆነው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2024 ቶኪዮ ላይ ነው (በእኛ የካቲት 12)። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዝዘው ወራት የጠበቁ አሉ። 40 ሜጋፒክስሉ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ኤክስ-ቲ5 እና ኤክስ-ኤች2 የተባሉት የፉጂ ካሜራዎች ላይም አለ። ከነመዝጊያው ሌንሱ ውስጥ የተሠራው 23 ሚሊሜትር ኤፍ2 ሌንስና የኦፕቲካልና የኤሌክትሮኒክ ጥምር መመልከቻው ግን እነሱ ላይ የሉም።

ስትደውዪ «መቼ ይደርሳል?» አትበያቸው፣ እነሱም አያውቁትም። «በብርማው ወረፋ ከፊቴ ስንት ሰው አለ? ባለፉት ሁለት ጭነቶች ስንት ብርማ ገባላችሁ?» በያቸው። ሁለቱን ቁጥር ካገኘሽ ማካፈል ብቻ ነው የሚቀረው። ትልቅ መደብር ብዙ ካሜራ ይደርሰዋል፣ ግን ወረፋውም የትየለሌ ነው። ትንሽ የሰፈር ካሜራ ቤት በጭነት ሁለት ሦስት ብቻ ቢደርሰውም ከፊትሽ አምስት ሰው ብቻ ሊኖር ይችላል። ቀብድ የማይጠይቅ እንዲህ ያለ ቤት ካገኘሽ እዚያም ተመዝገቢ፤ አንዱ ሲደርስሽ ሌላውን በዚያው ቀን ሰርዢ።

ብዙ ሰው ተራው ደርሶ የሚያመልጠው በካርድ ነው። አብዛኛው መደብር ገንዘቡን የሚቆርጠው ሊልክ ሲል ነው። እስከዚያ የካርዱ ጊዜ ካለፈ፣ ወይም ባንኩ ትልቁን ክፍያ ተጠራጥሮ ካገደው፣ ካሜራው ለቀጣዩ ሰው ይሄዳል። ገብተሽ የሚያበቃበትን ቀንና አድራሻሽን አሁኑኑ እዪ። የተመዘገበው ዴቢት ካርድ ከሆነ በክሬዲት ካርድ ተኪው፤ ግን ካርድ መቀየር ተራ እንደማያሳጣሽ መጀመሪያ ጠይቂ።

ሃምሳ ሚሊ
ስለ 2,200ው፦ የመደበኛው ዋጋ ካሜራው በ2024 ሲወጣ 1,599 ዶላር ነበር። ከመደበኛው በላይ የሚጠራ ሻጭ ብዙውን ጊዜ ለሌላ አገር ገበያ የገባውን ዕቃ ነው የሚያመጣው። ካሜራው ያው ነው፣ ግን ፉጂ አሜሪካ የአንድ ዓመት ዋስትና የሚሰጠው አሜሪካ ውስጥ በተፈቀደላቸው ሻጮች ለተሸጠው ነው። እዚህ ካሜራ ላይ ዋስትና ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌንሱ አይነቀልም፣ ስለዚህ ሌንሱ ሲበላሽ ካሜራው በሙሉ ነው ጥገና የሚገባው። 1,200 እያለ በዜል ወይም በባንክ ማስተላለፊያ ክፈሉኝ የሚለው ደግሞ ሌባ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ጨለማ ክፍል ካለው ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር፦ ወረፋውን ማካፈል ጥሩ ነው፣ ግን ጭነት በየወሩ እኩል አይገባም። የወጣልሽ ቁጥር ላይ ትንሽ ጊዜ ጨምረሽ ያዢው።

ከቨርጂኒያ
አመሰግናለሁ። ደወልኩ፦ ከፊቴ 45 ሰው አለ፣ ባለፉት ሁለት ወራት ያገኙት 10 እና 12 ነው። ካርዴም ኖቬምበር ላይ ያበቃ ነበር፣ ቀየርኩት፤ ተራዬ አልተነካም።

ጨለማ ክፍል
እንግዲያው ከአራት ወር ትንሽ ይበልጣል፣ ጃንዋሪ መጨረሻ ገደማ። ለጥምቀት አትቁጠሪበት። ትዕዛዙ ይቆይ፤ ለጉዞው ያገለገለ ኤክስ-ቲ30 ቱ ወይም ኤክስ-ኢ4 ከ23 ኤፍ2 ሌንስ ጋር ግዢ ወይም ተከራዪ። የእይታው ስፋት ያው ነው፣ የድሮ ፊልም መልክ የሚሰጡት የፉጂ ቀለሞችም ከሪያላ ኤስ እና ከኖስታልጂክ ኔግ በቀር አሉ። ባትሪያቸውም ኤንፒ-ደብልዩ126ኤስ ስለሆነ አሁን የምትገዢው ትርፍ ባትሪ በኋላ ለኤክስ100ቪአዩም ይሆናል። ኤክስ-ቲ5 ግን ባትሪው ሌላ ነው።

ሃምሳ ሚሊ
የሰፈር ካሜራ ቤቱ ቀድሞ ካደረሰልሽ የሚያስፈልጉሽን ከወዲሁ ያዢ። የማስታወሻ ካርድ ማስገቢያው አንድ ኤስዲ ብቻ ነው፣ እሱም ዩኤችኤስ-አንድ የተባለው ፍጥነት፤ ፈጣን ለሆነው ዩኤችኤስ-ሁለት ካርድ ትርፍ ገንዘብ አታውጪ። ያልታመቀ ሮው (ጥሬው የፎቶ ፋይል) አንዱ ወደ 80 ሜጋባይት ስለሚደርስ 128 ጊጋው ይሻላል።

ውሃና አቧራ የሚችለው ኤአር-ኤክስ100 የተባለው ቀለበትና 49 ሚሊሜትር መከላከያ ፊልተር ሲገጠሙለት ብቻ ነው። ያለዚያ ጃንሜዳ ጠበል ሲረጭ አታውጪው። ሌንሱ ጫፍ ላይ ያለውን ቀለበት ፍቺ፣ ኤአር-ኤክስ100ን አስጠጊና መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ጥርሱ «ጠቅ» ብሎ ሲገባ ወደ ማጥበቂያው መልሺው። በቀጥታ ካጠበቅሽው ጥርሱ ተዛንፎ ይበላል፤ በጣት ጫፍ ከጠበቀ ይበቃል።

እንደደረሰሽ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ፣ የሴንሰሩን አቧራ እዪ፦ አይኤስኦ 125፣ ኤፍ16፣ ወደ ነጭ ግድግዳ አነጣጥረሽ ፎከሱን በእጅ አደብዝዢው፣ የመዝጊያው ፍጥነት አንድ ሰከንድ አካባቢ፤ ካሜራውን እያወዛወዝሽ አንሺ። የግድግዳው ነገር ይደበዝዛል፣ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ግን ቦታውን አይለቅም። ጥቁር ነጥብ ካየሽ ሙከራውን ድገሚው። አሁንም ካለ መልሺላቸው፤ ሌንሱ ስለማይነቀል ቤት ውስጥ የሚጸዳ አይደለም። ሲበራ ከውስጥ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ ግን የምስል ማረጋጊያው ነው፣ አያሳስብሽ።