ዴክሳ ያለ ማዘዣ ይሸጥ ወይስ ይከልከል?

ሹፌሩ፦ ብግነት፣ የሰውነት መቆጣት ማለት፣ እሳት ነው፤ እሳት ደግሞ ቆመው አያዩትም። ዴክሳ የምንለው ዴክሳሜታዞን፣ ብግነት የሚያበርደው ስቴሮይድ፣ በኮቪድ ጊዜ ስንቱን እንዳተረፈ ሰምተናል። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ደረቱ ለተዘጋበት ሰው «ማዘዣ አምጣ» ማለት ምን ይሉታል? የካርዱ ዋጋ ከመድኃኒቱ ይበልጣል እኮ!

የሕክምና ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ የሰማኸው ግማሹን ነው። እንግሊዝ አገር የተደረገው የሪከቨሪ ጥናት ውጤት ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ከነበሩት መካከል ሞት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል፤ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት በአንድ አምስተኛ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልታየም። አንተ የምታወራው በእግሩ ፋርማሲ ስለሚሄድ ሰው ነው።

ሹፌሩ፦ ያው መድኃኒት፣ ያው ሳንባ። ልዩነቱ ከየት መጣ?

የሕክምና ተማሪዋ፦ ጥሩ ጠየቅክ። በሳንባ ህዋሳት መሀል ሃያሉሮናን የሚባል ረጅም የስኳር ሰንሰለት አለ። ሳይበጠስ ህዋሳቱን ይጠብቃል። ጭስ፣ ጀርም ወይም የቬንቲሌተር ግፊት ሲበጣጥሰው ግን ቁርጥራጩ የድረሱልኝ ጥሪ ይሆናል፤ ቲኤልአር2 እና ቲኤልአር4 የሚባሉ ተቀባዮች ይሰሙታል፣ ነጭ የደም ህዋሳት ይጎርፋሉ። ያንተ እሳት ይሄ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሁለቱም ተቀባዮች የሌሏቸውን አይጦች ሳንባ፣ ሳንባን በሚጎዳ ብሊዮማይሲን በተባለ መድኃኒት ጎዱት። በአንተ ሒሳብ መዳን ነበረባቸው፣ ጥሪውን አይሰሙማ! እውነትም ወደ አየር ከረጢቶቹ የሚሻገረው ነጭ ህዋስ ቀነሰ። አይጦቹ ግን ይበልጥ ሞቱ፤ የከረጢቶቹን ግድግዳ የሚሸፍኑት ህዋሳትም በብዛት አለቁ። ያው ጥሪ ለካ እነሱንም በሕይወት ያቆያቸው ነበር። እሳቱን ማጥፋት ሁልጊዜ ማዳን አይደለም ማለት ነው።

ባለ ፋርማሲው፦ እህቴ፣ ሌላውንም ጎን ንገሪን እንጂ። ቁርጥራጩ ካልተጠረገ ብግነቱ አይበርድም። ሲዲ44 የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች፣ በ2002 እ.ኤ.አ. እንደታየው፣ ቁርጥራጩን ማጽዳት አቅቷቸው ብግነቱ እየባሰ ጨረሳቸው። አስም ድንገት ሲነሳ እኮ እኛም በማዘዣ ስቴሮይድ እንሰጣለን፣ ሰው ያተርፋል። «ዴክሳ መርዝ ነው» የሚለው ወሬ እኔን አያስማማኝም። ያለ ማዘዣ ይሸጥ የሚለውም አያስማማኝም።

አስታማሚዋ፦ የእናቴን ልንገራችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ምጣድ ሥር ጭስ ስትውጥ የኖረች ናት። ሳሉ ሲጠናባት ከአንድ ፋርማሲ ዴክሳ ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ተነስታ እንጀራ ጋገረች፣ «ድኛለሁ» አለች። ሲያልቅባት ሳሉ ተመለሰ፤ ደግማ ገዛች። እንዲህ እያለች አራት ወር። ፊቷ ከመድኃኒቱ የተነሳ አብጦ ነጠላዋን ስትሸፋፈን እኛ ወፈረች ብለን ደስ ብሎናል! ኋላ አክታዋ ሲመረመር፣ ዴክሳው ሸፍኖት የቆየ ቲቢ ሆኖ ተገኘ።

ሹፌሩ፦ እግዜር ይማርልሽ። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። ካርድ ማውጫ የሌለው ሰው ምን ይሁን?

ባለ ፋርማሲው፦ ቢያንስ የቲቢ ምርመራውና መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ሰልፉን ግን አልዋሽህም፣ ከጠዋት መሄድ ነው። እና ይህን የምታነቡ፣ ዴክሳ ለሳምንታት ስትወስዱ የቆያችሁ ካላችሁ ተደናግጣችሁ ዛሬውኑ እንዳታቆሙት። ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስለሚቀንስ በድንገት ሲቋረጥ ሰው ይጥላል። ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።