አስቸኳይ፦ 80 የምርጫ ሰሌዳ ጠፋብን!

ሰናይት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የምንደግፈውን ተወዳዳሪ ስም ጽፈን ሐሙስ ማታ የተከልነው 80 ሰሌዳ ቅዳሜ ጠዋት አንድም የለም። የተቀናቃኙ ሰዎች ናቸው የነቀሉት። ፖሊስ ጋ ነው የሚኬደው? ቲቪ ጣቢያውም ማስታወቂያችንን አልቀበልም ብሎ መለሰብን። ከየሰዉ 20፣ 50 ዶላር ለቅመን የሠራነው ነው። ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀረው!

ቡና ቁርስ፦ የት ስቴት? የት ነው የተከላችሁት? ትንሽ ተናገሪ እንጂ እህቴ።

የአናንዴል ልጅ፦ ካሜራ ግጠሙ።

ጋሽ መላኩ፦ ልጄ፣ ሰሌዳ ድምፅ አይሰጥም። እኛ በር ለበር ነበር የምንዞረው። ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያዋራውን አይረሳም። ደግሞ ቲቪ ማን ያያል? እናቶቻችን ዩቲዩብ ላይ ናቸው።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ በርም እናንኳኳለን። ቨርጂኒያ ነን፣ ስፕሪንግፊልድ አካባቢ። ሁሉም እንዲያየው ብለን ዋናው መንገድ መሃል ያለው ሣር ላይ ነው የተከልነው።

ሌሊት ሾፌር፦ ሳቄ መጣ። ቅዳሜ ንጋት ላይ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ፒክአፕ ላይ ሲጭኑት አይቻለሁ። የናንተንም የተቀናቃኛችሁንም። ምን ሌባ አለ?

ሂሩት፦ እሱ ያለው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የመንገድ መሃልና ዳር መሬት ላይ ሰሌዳ መትከል ክልክል ነው። በአንድ ሰሌዳ 100 ዶላር ያስቀጣል። ፖሊስ ጋ ሄደሽ ራስሽን እንዳታጋልጪ! ሰኞ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ጋ ደውለሽ አስቀምጠውት እንደሆነ ጠይቂ። ከእንግዲህ አስፈቅዳችሁ ሰው ግቢ ውስጥ ትከሉ። የምርጫ ጣቢያ ጋ ከሆነ ከመግቢያው 40 ጫማ ራቁ።

ቡና ቁርስ፦ 80 በ100 ሲባዛ 8,000 ዶላር። ቲቪውን እርሱት በቃ።

የአናንዴል ልጅ፦ እኔ አሁንም ካሜራ ነው የምለው።

ቡና ቁርስ፦ የመንግሥትን መኪና ልትቀርጽ?

ሂሩት፦ ቲቪውን በተመለከተ፣ ማን እንደከፈለበት የሚገልጽ ጽሑፍ አለው? ከሌለው መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ሌላው፣ ተወዳዳሪው ራሱ የሚያስነግረውን ማስታወቂያ ጣቢያው ከተቀበለ ይዘቱን መቆራረጥ አይችልም። ከምርጫው በፊት ባሉት 60 ቀናትም ዝቅተኛውን ዋጋ ነው የሚያስከፍለው። እናንተ ግን ደጋፊዎች ናችሁ። እምቢ ሊላችሁ ይችላል፣ ቅናሹም አይመለከታችሁም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ለተወዳዳሪው ዘመቻ ይስጥና ማስታወቂያው በዘመቻው ስም ይውጣ። ሰጪው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ይሁን። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ገንዘብ መስጠት አይችልም፣ በነጻ ወረቀት መበተን ግን ይችላል።

ሰናይት፦ ወይኔ! ጽሑፉ የለውም። ካዋጡት ሁለቱ ደግሞ ተማሪዎች ናቸው...

ሂሩት፦ የነሱን ዛሬውኑ መልሱላቸው።

ሌሊት ሾፌር፦ ሰናይት፣ ሳምንት ሆነ እኮ። ሰሌዳው ተገኘ?

ቡና ቁርስ፦ ከተገኘ የሽቦውን እግር አትጣሉት። ለቲማቲም ድጋፍ እንደሱ ያለ የለም።