ቋንጣ በክረምት
ጥያቄ፦ ጎንደር ዝናቡ አላባራ ብሏል። ቋንጣዬ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሸታል። የጣና ዓሣስ ቋንጣ ይሆናል?

መልስ፦ የሸተተውን ጣለው። ሥጋውን ከትንሿ ጣት አቅጥነህ ዘልዝል፤ ሞራው ስለማይደርቅ ሙልጭ አድርገህ አውጣ። ለ1 ኪሎ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። ከምድጃው በላይ ክንድ ተኩል ከፍ አድርገህ ስቀል፤ ዝልዝሎቹ አይነካኩ። እሳቱ ከቀረበ ላዩ ቶሎ ይከርርና የውስጡ እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ሽታው ከዚያ ነው።

መልስ፦ ዓሣው ይሆናል። አምባዛ ግን ቅባት ስላለው ቶሎ ይከረፋል፤ ቆሮሶ ይሻላል። አጥንቱን አውጥተህ፣ ጨው ነስንሰህ 2 ሰዓት አቆየው፤ የወጣውን ውኃ ደፍተህ፣ ላዩን አድርቀህ ስቀል።

መልስ፦ ሲታጠፍ ቀጭ ካላለ አልደረቀም። ላስቲክ ውስጥ አትቋጥረው፣ ያልበዋል።